መጠይቁ ከጥያቄው ሲቀድም

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የግል ኮሌጆች መደርደሪያ ላይ ካሉት የማኔጅመንት፣ የማርኬቲንግ፣ የሰው ሀብት አስተዳደርና የፕሮጀክት ማኔጅመንት የመመረቂያ ጽሑፎች ሃያውን አውርዶ ያገላበጠ ሰው፣ አንዱን ጥናት ሃያ ጊዜ ያነበበ ይመስለዋል። ርዕሱ የአንዱ ነገር ተጽዕኖ በሌላው ላይ እንደሚመረመር ይነግረናል፤ ከሥሩ የአንድ ባንክ፣ የአንድ ቢሮ ወይም የአንድ ፋብሪካ ስም ይከተላል። ምዕራፍ ሦስት ላይ የናሙናው መጠን በያማኔ ቀመር ይሰላል፤ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚዘልቅ ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ ይበተናል፤ የክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ መውጣቱ ይበሠራል። ምዕራፍ አራትን ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሰንጠረዦች ይሞሉታል፤ መላምቶቹ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ተቀባይነት ያገኛሉ። ምዕራፍ አምስት ደግሞ «የድርጅቱ ማኔጅመንት ለጉዳዩ ልዩ ትኩረት ሊሰጥ ይገባል» ብሎ ይዘጋል። የድርጅቱን ስም ፍቀው በሌላ ቢተኩት ከሽፋኑ በቀር የሚናጋ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ የተማሪ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ተማሪው የሠራው የተማረውን ነው። ከጥናቱ በስተጀርባ በመምህሩም፣ በአማካሪውም፣ በፈታኙም ዘንድ የሰፈነ አንድ አመለካከት አለ። የማኅበራዊና የቢዝነስ ጥናት ሳይንስ የሚሆነው ቁጥር ሲሆን ነው፤ ቁጥር የሚገኘው ከመጠይቅ ነው፤ ስለዚህ የምርምር ዘዴ መማር ማለት መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ናሙና ማስላትና ሶፍትዌር ማንቀሳቀስ መማር ነው ይላል። ጽሑፉ በፈታኞች ፊት በሚቀርብበት በዲፌንስ ቀን «ናሙናህ ስንት ነው?»፣ «ሞዴልህ የታለ?»፣ «ሪግሬሽን ለምን አልሠራህም?» የሚሉት ጥያቄዎች «ለመሆኑ ማወቅ የፈለግኸው ምን ነበር?» ከሚለው የሚቀድሙት በዚህ የተነሳ ነው። እኔ የምለው አመለካከቱ ነገሩን ከነጭራሹ ገልብጦታል ነው። የምርምር ዘዴ ትምህርት ዋና ሥራው፣ መልሱ ከጠበቅነው ውጪ ሊሆን የሚችል ጥያቄ መጠየቅንና መልሱ ወዳለበት ቦታ ሄዶ ማየትን ማስተማር ነው። መጠይቅ አንዳንድ ጊዜ ወደዚያ ቦታ ያደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን አያደርስም። የቱ ጋ እንደሚያደርስና የቱ ጋ እንደማያደርስ መለየት ያልተማረ ሰው ሪግሬሽን ቢችልም ዘዴ አልተማረም።

በደንበኞች እርካታ ላይ የሚሠሩ ተማሪዎቻችን የሚወዱትን መለኪያ እንውሰድ። ሰርቭኳል ይባላል፤ በአሜሪካ ያስተምሩ የነበሩት ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት፣ አምስት ዘርፍና 22 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ ነው። ተማሪው 22ቱን ይገለብጣል፣ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ የባንኩን ስም ያስገባና ይበትናል። መለኪያው ከየት እንደመጣ ግን እምብዛም አይነገረውም። ሦስቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ቀዳሚ ጥናት መጠይቅ የሚባል ነገር አልበተኑም። በችርቻሮ ባንክ፣ በክሬዲት ካርድ፣ በአክሲዮን ድለላና በዕቃ ጥገና ሥራ የተሰማሩ ኩባንያዎችን ኃላፊዎች አነጋገሩ፤ ከዚያም ደንበኞችን በ12 ቡድን አሰባስበው «ለእናንተ ጥሩ አገልግሎት ምንድን ነው?» እያሉ አደመጡ። ከጭውውቱ አሥር መመዘኛዎች ወጡ፤ ከአሥሩ 97 ዓረፍተ ነገሮች ተቀረጹ፤ በተደጋጋሚ ፈተና ተንገዋለው 22 ቀሩ። ማለትም እኛ «ሳይንሳዊ» የምንለው መጠይቅ የተወለደው «ተራ ወሬ» ብለን ከምንንቀው ማዳመጥ ነው። ልብስን ከነልኩ መዋስ እንደማለት፣ ተማሪያችን የሌላ አገር ሰው የለፋበትን ሥራ ውጤቱን ወስዶ ልፋቱን ተወው። ዘዴው ግን ልፋቱ ውስጥ ነበር።

ይህ መዋስ ምን እንደሚያሳጣን ለማየት የአዲስ አበባን የባንክ ቅርንጫፍ ማሰብ ይበቃል። መጠይቁ የሠራተኞቹን የአለባበስ ጽዳትና የሕንፃውን ውበት ይጠይቃል። ደንበኛው ግን ወረፋ ይዞ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚል ቃል ነው። ሲስተም ሳይኖር ምን ይደረጋል? ማን ይጠብቃል፣ ማን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይላካል፣ ማንስ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል? አስመጪው ለውጭ ምንዛሪ ስንት ወር ጠበቀ? በኑሯችን ውስጥ የባንክ አገልግሎት ማለት ይኸው ነው፤ ከ22ቱ ዓረፍተ ነገሮች ግን አንዱም እነዚህን በስማቸው አይጠራቸውም። «አስተማማኝነት» በሚል ጥቅል ርዕስ ሥር ተጨፍልቀው 3.62 የሚል አማካይ ይሆናሉ። ይህን አማካይ የሚያነብ የባንክ ኃላፊ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም። አንዲት ተማሪ ለአንድ ሳምንት ቅርንጫፉ ውስጥ ተቀምጣ ሲስተም የጠፋበትን ሰዓትና የተመለሱትን ደንበኞች ብዛት ብትመዘግብ ግን የምታቀርበውም ቁጥር ነው፤ ያውም ሊሠራበት የሚችል ቁጥር።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይጠልቃል፤ ሰው የሚለውና የሚያደርገው አንድ አይደለም። የስታንፎርዱ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሪቻርድ ላፒየር ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በቻይናውያን ላይ ጥላቻ በበረታበት ዘመን ከወጣት ቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞሩ፤ ከ250 በላይ በሆኑ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ጎራ ብለው አንድ ቦታ ብቻ ተከለከሉ። ከወራት በኋላ ለእነዚያው ድርጅቶች «ቻይናውያንን ታስተናግዳላችሁ?» የሚል መጠይቅ ላኩ። መልስ ከሰጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አናስተናግድም» አሉ። ደብዳቤውን የመለሰው ባለቤትና እንግዳውን የተቀበለው አስተናጋጅ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ትችት ተነሥቷል፤ ትችቱ ተገቢ ነው። ሆኖም በመጠይቅ ብቻ የተማመነ አጥኚ ስለነዚያ ድርጅቶች የሚጽፈው ነገር በበራቸው ላይ ከሆነው ጋር ተቃራኒ ይሆን እንደነበር አይካድም።

ይህ ክፍተት እኛ ዘንድ ሊጠብ አይችልም፤ ሊሰፋ እንጂ። መጠይቁ ድርጅቱ ጋ የሚደርሰው ከዩኒቨርሲቲው በተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ነው፤ የሚያድለውና የሚሰበስበው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰው ሀብት ክፍሉ ወይም ጸሐፊዋ ናት። ሠራተኛው «የቅርብ አለቃዬ በሥነ ምግባሩ አርአያ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ተሰጥቶት፣ የሞላውን ወረቀት ለዚያው አለቃ ጸሐፊ እንዲመልስ ይጠበቃል። ስም አይጻፍበትም ይባላል፤ የሥራ መደብ፣ ዕድሜ፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን ግን ገጽ አንድ ላይ ተሞልቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ የ34 ዓመት ሴት የሒሳብ ባለሙያ ስንት ትኖራለች? ፍርሃቱ፣ ይሉኝታው፣ ለባልንጀራ ተማሪ ውለታ ለመዋል የሚደረገው ጥድፊያ ሁሉ ተደምሮ «እስማማለሁ» የሚለው ዓምድ ላይ ይሰለፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል አገሩ። ምርምር ደግሞ የተደራጀ ጥርጣሬ ነው፤ የእኛ የዘዴ ትምህርት ግን ተማሪውን የተሞላን ወረቀት እንዲያምን ያለማምደዋል።

በዚህ ላይ መልሱን አስቀድሞ የሚወስን ሌላ ጉድለት ይጨመራል። «የአመራር ስልት በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ጥናት ሁለቱንም የሚለካው ከአንድ ሰው፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን ነው። አለቃውን የወደደ ሠራተኛ አለቃውንም ራሱንም ከፍ አድርጎ ይመዝናል፤ የከፋው ሁለቱንም ዝቅ ያደርጋል፤ የቸኮለው ከላይ እስከ ታች አንዱኑ ቁጥር ያከብባል። ሦስቱም ጠባዮች ተዛምዶውን ያንሩታል፤ አለቃው አፈጻጸሙን በእርግጥ ይለውጥ አይለውጥ ግን አይነግሩንም። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ካምፕቤልና ፊስክ እ.ኤ.አ. በ1959 አንድን ነገር ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ለኩ፤ አለበለዚያ ያገኛችሁት የነገሩ ጠባይ ይሁን የመለኪያው አታውቁም ብለው አስጠንቅቀዋል። ሠራተኛው ስለ አለቃው የሰጠውን አስተያየት ከቅርንጫፉ የሥራ መዝገብ ጋር ማስተያየት ቢያንስ ክርክሩን እውነተኛ ያደርገዋል። እንደተለመደው ግን መላምቱ ሊወድቅ አይችልም፤ ሊወድቅ የማይችል መላምት ሲጸና ምንም አልተማርንም።

የናሙና ቀመሩም የክብር ልብስ ሆኗል። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመ የስታቲስቲክስ መማሪያቸው ያስቀመጡት ቀላል ስሌት ነው። የሕዝቡ ብዛት 400 ከሆነና የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ከተባለ 200 ሰው ይወጣል፤ ብዛቱ 10,000 ከሆነ 385 ነው፤ 100,000 ቢሆንም ከ400 አያልፍም። ስሌቱ የሚያገለግለው ግን ስንት በመቶው አዎ፣ ስንት በመቶው አይ እንደሚል ለመገመት ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ሰው እኩል ዕድል አግኝቶ በዕጣ ሲመረጥ። አምስት ተለዋዋጮችን የሚያነጻጽር ሪግሬሽን ስንት ሰው እንደሚፈልግ አይናገርም። ዕጣውስ የታለ? ምዕራፍ ሦስት «ቀላል የዕጣ ናሙና» ይላል፤ ወረቀቱ የደረሰው ግን በዚያ ቀን ቢሮ ለተገኘና እሺ ላለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ያሸንፋሉ አለ፤ ተፎካካሪያቸው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቅልለው አሸነፉ። ወረቀቱ የተላከው ባመዛኙ ስልክና መኪና ላላቸው ነበር፤ መላሾቹም ራሳቸውን የመረጡ ነበሩ። 2 ሚሊዮን ሰው ያልጠገነውን አድልዎ 385 ሰው አይጠግነውም።

ክሮንባክ አልፋም እንደዚሁ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረቡት ይህ ስሌት ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚሄዱ ያሳያል። ሊለኩ የታሰቡትን ነገር ይለኩ እንደሆነ አያሳይም። አንድን ሐሳብ በስድስት አነጋገር የደጋገመ መጠይቅ አልፋው ያማረ ይሆናል፤ ስድስቱም ከጉዳዩ የራቁ ቢሆኑ እንኳ። የጥያቄው ቁጥር በጨመረ መጠን አልፋው ከፍ ማለቱም የታወቀ ነው። ክሮንባክ ራሳቸው ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጽሑፋቸው ይህን ቀመር ለአብዛኛው መረጃ ተገቢው መመርመሪያ ነው ብለው እንደማያምኑ ገልጸዋል። ባለቤቱ የተጠራጠረውን እኛ እንደ ቡራኬ እንቀበለዋለን።

የተሻለ መንገድ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ያጠኑበት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ሥራቸው የተነሣው ነጋዴው ከማያውቀው ሰው ጋር በሩቅ ሆኖ እንዴት ይገበያያል ከሚል ተጨባጭ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ወደ ነጋዴውና ወደ ደላላው ወሰዳቸው፤ ዋጋ አናሪ እየተባለ የሚታማው ደላላ ገዥና ሻጭ የሚፈላለጉበትን ወጪ የሚቀንስ ሚና እንዳለው አሳየ። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ሌላው ነው። በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ለዝቅተኛ ሥራ ካመለከቱ 1,000 ከሚጠጉ ሰዎች ማን እንደሚቀጠር በዕጣ ተለየ፤ ከሌሎቹ ገሚሶቹ 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና አገኙ፤ የቀሩት ምንም ሳይሰጣቸው ለማነጻጸሪያ ተያዙ። የፋብሪካ ሥራ ኑሮን ያሻሽላል የሚለው ግምት አልጸናም። ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸው ከሌሎቹ አልበለጠም፤ የጤና ችግር ግን ጨመረ። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በመጀመሪያው ዓመት በሲሶ አደገ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገ የክትትል ጥናት ግን ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ተገኘ። ጥናቱ ውጤቱን አስቀድመው የገመቱትን ሁለት ጊዜ አሳፈረ፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው። ዕጣ ደግሞ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኮንዶሚኒየም ቤት ሲታደል የኖረው በዕጣ ስለሆነ አጥኚዎች የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን እያነጻጸሩ ጽፈውበታል። ተማሪያችን ግን ዕጣን የሚያውቀው ምዕራፍ ሦስት ላይ እንደሚቀዳ ሐረግ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ «ታዲያ ቁጥር ትተን ተረት እንጻፍ ነው የምትለው?» የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ስምንት ሰው አነጋግሮ የወደደውን ጥቅስ መርጦ የሚያወጣ ጥናት ከመጥፎ ሪግሬሽን አይሻልም፤ ምናልባትም ለአድልዎ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ነገር ግን ከላይ ያነሳኋቸው ሥራዎች በቁጥር የተሞሉ ናቸው። ላፒየር ቆጥረዋል፤ ብላትማንና ዴርኮን ለዓመታት ተከታትለው ለክተዋል። ክርክሬ ቁጥሩ ከምን ተወለደ በሚለው ላይ ነው። ከድርጊት፣ ከመዝገብ፣ ከዕጣ፣ ከመደጋገም የተወለደ ቁጥር አለ፤ ከአስተያየት ክብ ምልክት ብቻ የተወለደ ቁጥር አለ። መጠይቅም ቢሆን ሰው በትክክል ሊያስታውሰውና ሊናገረው የሚችለውን ሲጠይቅ፣ ለምሳሌ ባለፈው ሳምንት ለትራንስፖርት ስንት ብር እንዳወጣ ሲጠይቅ፣ የማይተካ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአማካሪዎች ይመጣል፤ ተማሪው ብዙ ነው፣ ጊዜው ጥቂት ወር ነው፣ አብዛኛው የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ነው፣ ድርጅቶች መረጃ አይሰጡም፤ መጠይቅ ካልሆነ ምን ይሠራ? በዚህ ተቃውሞ ውስጥ ያለው ትልቁ እውነት ለእኔ ክርክር የሚያደላ ነው። የማታ ተማሪ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚውለው በብድር ክፍል፣ በንብረት ክፍል፣ በግዥ፣ በሰው ሀብት ውስጥ ነው፤ ሌላ አጥኚ በደብዳቤ የማያገኘውን በር ከፍቶ ገብቷል። የሰው ሀብት ባለሙያ የሆነች ተማሪ «ተነሳሽነት ለሠራተኛ ፍልሰት ያለው ተጽዕኖ» ብላ 200 ወረቀት ከምትበትን፣ አለቃዋን አስፈቅዳ፣ የሰዎቹን ስም ሰርዛ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የለቀቁ 100 ሠራተኞችን ማኅደር ብታነብ ይሻላል። ሰውየው መቼ ተቀጠረ? መቼ ለቀቀ? ከሥልጠና በኋላ የገባው የአገልግሎት ግዴታ መቼ አለቀ? ዝውውር ደርሶበት ነበር? የደመወዝ ጭማሪ ከተዘለለ ስንት ወር ሆነው? ለቃቂዎች ግዴታቸው ባለቀ ማግስት የሚከማቹ ከሆነ «የአመራር ስልት» የሚለው ማብራሪያ ይናወጣል፤ ካልተከማቹም ሌላ ነገር ተማርን። የሚያስፈልጋት ስሌት ከመቁጠርና ከማነጻጸር አያልፍም፤ ጊዜውም መጠይቅ በትኖ ከመለመን አይረዝምም።

ሦስተኛው ተቃውሞ በጨዋነት የሚቀርብ ነው፤ ቅጹ ደካማውን ተማሪ ይደግፋል፣ ቢያንስ ከወለሉ በታች እንዳይወድቅ ያደርጋል ይላል። ድጋፍነቱን አልክድም፤ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተልም በራሱ ጥፋት የለበትም። ግን ይዘቱ ሳይቀር በቅጽ የሚያልቅ ጽሑፍ በገንዘብ የሚገዛ ጽሑፍ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በከተማ ግድግዳና በቴሌግራም የሚለጠፉት ሥራው ማንም ሰው የትም ተቀምጦ ሊሠራው የሚችል ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክለሳ ድርሳኑንም፣ መጠይቁንም፣ የሰንጠረዡን ማብራሪያም በደቂቃዎች ይጽፋል። በሦስት ዓመት ማኅደር ወይም በአንድ ሳምንት የወረፋ ምዝገባ ላይ የቆመን ጥናት ግን ማንም ቦታው ሳይደርስ ሊሸጠው ያስቸግረዋል፤ ሊፈጥረው ቢሞክርም ፈታኙ በሁለት ጥያቄ ያጋልጠዋል። ደካማውን ተማሪ የሚጠብቀው ቅጹ ሳይሆን የሚያውቀውን ቦታ መጠየቁ ነው።

ስለዚህ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ይገልበጥ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ሶፍትዌር ይሁኑ፤ ተማሪው አንድ የሥራ ቦታ፣ አንድ ገበያ ወይም አንድ መዝገብ መርጦ የሚያየውን ይመዝግብ፤ ካየው ውስጥ ለምን እንደሆነ የማይገባውን አንድ ነገር ያምጣ፤ ለዚያ ነገር ሁለት ተፎካካሪ ማብራሪያ ይስጥ፤ ሁለቱን የሚለየው መረጃ የት እንደሚገኝ ይናገር። መጠይቅ፣ ናሙናና ሪግሬሽን ከዚያ በኋላ፣ ለጥያቄው ካስፈለጉ ይምጡ፤ ሲመጡም ከነታሪካቸውና ከነድካማቸው ይማሯቸው። ፈታኞችም ሚዛናቸውን ይቀይሩ፤ ውድቅ የሆነ መላምት ያቀረበ ተማሪ ስለታማኝነቱ ነጥብ ያግኝ፣ ሁሉም የተሳካለት ደግሞ ማብራሪያ ይጠየቅ። ዲፌንሱ በናሙና ብዛት መጀመሩ ይቅርና «ምን ብታገኝ ኖሮ ሐሳብህን ትለውጥ ነበር?» በሚለው ይጀመር። ለዚህ መልስ የሌለው ተማሪ አልፋው 0.9 ቢሆን፣ ናሙናው ሺህ ቢሞላ፣ ሰንጠረዡ ቢያምር፣ ገና ጥናት አልጀመረም፤ ዲግሪውም ሊሰጠው አይገባም።